በእመቤት ሄግዮንግ ዱካ፤ ከሴኡል እስከ ዩንግነንግ

ማክሰኞ፤ ከቀድሞው የምዕራብ በር ውጭ

የጆሶን ሥርወ መንግሥት መዲና የነበረችው ሴኡል በድንጋይ ቅጥር የታጠረች፣ አራት ታላላቅ በሮች የነበሯት ከተማ ነበረች። ከአራቱ አንዱ የሆነው የምዕራቡ በር፣ ዶንዊሙን፣ በ1915 በጃፓን አገዛዝ ዘመን ለመንገድና ለትራም ሐዲድ ሲባል ፈርሷል። (በዚህ ማስታወሻ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጉዞዬን ከዚህ የጀመርኩት በኮሪያ ነገሥታት ቤት ከገቡት ሴቶች መካከል የገዛ ሕይወቷን በሰፊው ጽፋ ያለፈችው ሴት በ1735 የተወለደችው ከዚህ በር ውጭ በነበረው የእናቷ ወላጆች ቤት ስለሆነ ነው። በሩም ቤቱም ጠፍተዋል፤ በቦታቸው ሰፊ አስፋልት፣ የቢሮ ሕንፃና ቡና ቤት ብቻ ይታያል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ኮሪያን በአመዛኙ የምናውቃት በቃኘው ሻለቃዎች ዘመቻና በቹንቾን ከተማ በቆመላቸው መታሰቢያ ነው። እኔ ግን በዚህ ጊዜ የመጣሁት ከዚያ ጦርነት ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄጄ፣ በአንድ ቤተ መንግሥት እልፍኝ ውስጥ የሆነውን ነገር በቦታው ለማየት ነው።

ዛሬ ሴትዮዋ የምትታወቅበት «ሄግዮንግ» የሚለው መጠሪያ ልጇ ሲነግሥ የሰጣት ማዕረግ ሲሆን፣ ወላጆቿ ያወጡላት ስም ለእኛ አልደረሰም። አባቷ ሆንግ ቦንግ-ሀን የታወቀው የፑንግሳን ሆንግ ቤተሰብ ተወላጅ ነበር፤ ከቅድመ አያቶቹም አንዱ የንጉሥ ሶንጆን ልጅ ልዕልት ጆንግምዮንግን አግብቷል። የዘር ሐረጉ ይህን ያህል የተከበረ ይሁን እንጂ ጓዳው ባዶ ነበር፤ አባትየው የመንግሥት ሹመት የሚያስገኘውን ከፍተኛ ፈተና ገና አላለፈም። በ1743 ቤተ መንግሥቱ ለአልጋ ወራሹ ሚስት ይመረጥ ዘንድ የመኳንንት ሴቶች ልጆች ስም እንዲቀርብ ሲያዝ፣ እናት ልጇን የምታለብሳት አዲስ ልብስ አልነበራትም። ስለዚህ ቀደም ሲል ለሞተችው ታላቅ እህቷ ሠርግ ተቀምጦ ከነበረው ጨርቅ ቀሚስ ተሰፋላት፤ ገበሩም ከአሮጌ ልብስ የተወሰደ ነበር። ለቀረው ወጪ ቤተሰቡ ተበደረ። ልጅቱ ይህን ሁሉ በእርጅናዋ ስትጽፍ አንዱንም አልረሳችውም፤ እንዲያውም ከሐርና ከወርቅ ይልቅ ስለዚያ ቀሚስ የጻፈችው ይበልጥ ልብ ይነካል።

ምርጫው ሦስት ዙር ነበረው። በመጀመሪያው ዙር ከብዙ ልጃገረዶች ጋር ገባች፣ በሁለተኛው ከጥቂቶች ጋር፣ በሦስተኛው ግን ነገሩ አልቆ ነበር። ከሁለተኛው ዙር ወደ ቤት በተመለሰችበት ቀን ወላጆቿ አነጋገራቸውን ለወጡ፤ እስከ ትናንት «አንቺ» ይሏት የነበረችውን የስምንት ዓመት ልጅ በአክብሮት ያናግሯት ጀመር፤ የቤተሰቡ ሽማግሌዎችም እጅ ነሧት። ልጅቱ በዚህ ተጨንቃ አለቀሰች፤ ሌሊቱንም ከወላጆቿ ጉያ ሳትለይ አደረች። ከዚያ ቀን በኋላ እመቤት ሄግዮንግን አንቱ ማለት የእኔም ግዴታ ይመስለኛል።

ከሦስተኛው ዙር በኋላ ወደ አባታቸው ቤት አልተመለሱም። ለአምሳ ቀን ያህል በተለየ መኖሪያ ተቀምጠው የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ከተማሩ በኋላ፣ በ1744 መጀመሪያ በእሳቸው ዓመት ከተወለደው ከአልጋ ወራሹ ጋር ተጋቡ። በዚያው ዓመት አባታቸው ፈተናውን አለፉ። ሹመቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ የአገሪቱ ከፍተኛ ሚኒስትር ሆኑ። የሆንግ ቤት የተነሣው በልጅቱ ጋብቻ ነው፤ የወደቀውም በዚያው ነው። ስለ እመቤት ሄግዮንግ የሚነገረውን ሁሉ በዚህ ሚዛን ማየት ይበጃል።

ረቡዕ፤ ቻንግግዮንግ ቤተ መንግሥት

በምድር ባቡር ሄህዋ ጣቢያ ወርጄ በሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አጠገብ አልፌ በእግሬ ሄድኩ። የቻንግግዮንግ ቤተ መንግሥት ዋና በር ሆንግህዋሙን ወደ ምሥራቅ ይመለከታል። ከበሩ ቀጥሎ ትንሽ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ወዲያ በ1616 የታደሰው የዙፋን አዳራሽ ምዮንግጆንግጆን ይታያል። አዳራሹ ከትልልቆቹ አብያተ መንግሥታት የዙፋን አዳራሾች ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ግን በዕድሜ ሁሉንም ይበልጣል።

የጃፓን ገዥዎች በ1909 ይህን ግቢ የአራዊትና የዕፀዋት ማሳያ አድርገውት ነበር። እንስሳቱ ወደ ሌላ ቦታ የተዛወሩትና ግቢው የቀድሞ ስሙን መልሶ ያገኘው በ1980ዎቹ ነው። በኩሬው ማዶ ያለው የመስተዋት ቤት ዛሬም አለ። አብዛኛው ጎብኚ በባህል ልብስ ለብሶ እዚያ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ እኔ ወደ ግራ ታጠፍኩ።

ከዙፋኑ አዳራሽ አጠገብ ወደ ደቡብ የዞረ አነስ ያለ አዳራሽ አለ፤ ሙንጆንግጆን ይባላል። አሁን የሚታየው በ1980ዎቹ እንደገና የተሠራ ሲሆን፣ ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ ጠፍጣፋና ባዶ ነው። በሐምሌ 1762 ንጉሥ ዮንግጆ አልጋ ወራሹን ልጃቸውን ከሩዝ ማስቀመጫ ሣጥን ውስጥ እንዲገባ ያዘዙት በዚህ ነው። ሣጥኑ ተዘጋ። በዚያ የበጋ ሙቀት ልዑሉ በስምንተኛው ቀን ሞቱ።

ወደዚህ ያደረሰውን ነገር ከእመቤት ሄግዮንግ የተሻለ የጻፈው ሰው የለም። ዮንግጆ ከዝቅተኛ የቤተ መንግሥት አገልጋይ የተወለዱ፣ በዙፋናቸው ላይ ጥርጣሬ ሲነሣባቸው የኖሩ ንጉሥ ነበሩ፤ የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸው በ1728 ስለሞተ ሁለተኛውን ያገኙት ዕድሜያቸው አርባ ከሞላ በኋላ ነው። ልጁ ከተወለደ ከጥቂት ወራት በኋላ ከእናትና ከአባቱ ተለይቶ በሌላ እልፍኝ በሞግዚቶች እጅ እንዲያድግ ተደረገ። አባትየው አንድን ሕፃን ሊሸከመው በማይችል መጠን ጥሩ እንዲሆን ይጠብቁት ነበር፤ ሲሳሳት በሰው ፊት ይዘልፉታል፤ ድርቅ ሲመጣ እንኳ የእሱ ጥፋት ነው ይሉታል። መጥፎ ነገር የሰሙ ሲመስላቸው ጆሯቸውን የመታጠብ ልማድ የነበራቸው ንጉሥ፣ ልጃቸውን ስለ ደኅንነቱ ጠይቀው መልሱን ከሰሙ በኋላ ጆሯቸውን ይታጠቡ ነበር። እመቤቲቱ ይህን ሲጽፉ አማታቸውን አይሳደቡም፤ ያዩትን ያስቀምጣሉ፤ ይህም ከስድብ ይበልጥ ይከብዳል።

ልዑሉ ቀስ በቀስ ታመሙ። ነጎድጓድ ይፈሩ ነበር፤ ልብስ መልበስ ራሱ አስፈሪ ሆነባቸው፤ አንድ ልብስ ለመልበስ ብዙ ቀርቦ ይቃጠላል፤ የሚያለብሷቸው አገልጋዮች ተደብድበው ይሞታሉ። በ1757 አንድ ጃንደረባ ገድለው ጭንቅላቱን ለሴቶቹ አሳዩ። በ1761 ደግሞ ልጅ የወለደችላቸውን ዕቁባት በዚሁ የልብስ ነገር ደብድበው ገደሉ። ባለቤታቸውንም በባዱክ ጨዋታ ሰሌዳ ወርውረው ዓይናቸው ላይ መቷቸው፤ ዓይኑ ለጥቂት ተረፈ። እመቤቲቱ ባላቸው በሽተኛ እንደ ነበሩ ደጋግመው ይጽፋሉ፤ ያደረጉትን ግን አይሸፍኑም።

በመጨረሻ ንጉሡ ጽኑ እርምጃ እንዲወስዱ የለመኑት የልዑሉ የገዛ እናት፣ እመቤት ዮንግቢን፣ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ለማዳን ልጃቸውን ሰጡ። ሣጥኑ የተመረጠበትም ምክንያት አለው፤ ልዑሉ እንደ ወንጀለኛ በፍርድ ቢገደሉ ወንጀሉ ወደ ሚስታቸውና ወደ ልጃቸው ይሻገር ነበር፤ ያ ቢሆን ኖሮ ከንጉሡ የሚቀጥል ወራሽ አይኖርም።

በዚያን ቀን ልዑሉ ታማሚ መስለው ለመታየት ፈልገው የልጃቸውን የክረምት ቆብ እንዲያመጡላቸው ሚስታቸውን አዘዙ። እመቤቲቱ ቆቡ ለአዋቂ ሰው እንደሚጠብ አስበው የልዑሉን የራሳቸውን ቆብ አስመጡ። ልዑሉም ሚስታቸው ከልጃቸው ጋር ረጅም ዕድሜ ለመኖር ስለሚፈልጉ የልጁን ቆብ ለሚሞት ሰው መስጠት እንዳልፈለጉ ነገሯቸው። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ይህን ይተወው ነበር፤ እመቤቲቱ ግን በሰባ ዓመታቸው ጻፉት። ከዚያ በኋላ ያለውን የሰሙት በቅጥሩ በር ላይ ቆመው ነው፤ ባላቸው አባታቸውን ሲለምኑ፣ ከእንግዲህ መጽሐፍ አነባለሁ፣ የሚታዘዘውን ሁሉ እሰማለሁ ሲሉ። እመቤቲቱ ቢላዋ አነሡ፤ ቀሟቸው። በዚያው ቀን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አባታቸው ቤት ተላኩ፤ ገና አሥር ዓመት ያልሞላው ልጃቸው፣ ዪ ሳን፣ ግን ሁሉን ሰምቷል።

ከሙንጆንግጆን በስተ ደቡብ፣ ሶኒንሙን በሚባለው በር አካባቢ፣ የጎበጡና ግንዳቸው የተቦረቦረ አሮጌ ዛፎች አሉ። የልዑሉን ጩኸት ሰምተው ጎበጡ ይባላል። ዛፍ በዕድሜ እንደሚጎብጥ አውቃለሁ፤ ሆኖም ጥቂት ቆሜ አየኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ያሳለፍኩት በሴቶቹ መኖሪያ ሰፈር ነው። ግዮንግቹንጆን የሚባለው ቤት በመጀመሪያ በ1483 የተሠራ ሲሆን፣ የዛሬው በ1834 ከእሳት በኋላ እንደገና የቆመው ነው። እመቤት ሄግዮንግ የበኩር ልጃቸውን በ1750 ወልደው በሕፃንነቱ ካጡት በኋላ፣ ዪ ሳንን በ1752 የወለዱት በዚህ ቦታ ነው። ልዑሉ ከልደቱ በፊት ዘንዶ በሕልማቸው አይተው በግድግዳው ላይ ሳሉት፤ ሥዕሉ ከቤቱ ጋር ጠፍቷል። እመቤቲቱ የሞቱትም በዚሁ ቤት ነው፤ በጨረቃ አቆጣጠር በ1815 ዓመት መጨረሻ፣ በአውሮፓውያን ደግሞ ጥር 1816 ላይ፣ የሰማንያ ዓመት አሮጊት ሆነው። ወለሉ በወረቀት የተሸፈነ፣ በሩ ክፍት፣ ውስጡ ባዶ ነው። መግባት አይፈቀድም።

ሐሙስ፤ ቻንግዶክ፣ ከዚያም የቾንግግዬቾን ወንዝ ዳር

ቻንግዶክ ከቻንግግዮንግ ጋር በአንድ አጥር የሚዋሰን ሲሆን በ1997 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለ ሕንፃው ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም፤ እኔን የያዘኝ ናክሶንጄ የሚባለው ቀለም ያልተቀባ የእንጨት ቤት ነው። ይህ በ1847 የተሠራ ቤት የመጨረሻዎቹ የዘውድ ቤት ሴቶች መኖሪያ ነበር። ከእነርሱ አንዷ የጃፓን ንጉሣዊ ቤተሰብ ተወላጅ ሆና ለኮሪያው አልጋ ወራሽ የተዳረችው ዪ ባንግጃ ናት፤ ኮሪያን አገሯ አድርጋ በሚያዝያ 1989 እዚህ አረፈች። ለዘውድ ቤት የሚዳረግ ጋብቻ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የመንግሥት ጉዳይ እንደ ነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ይህች ሌላ ማስታወሻ ትፈልጋለች።

ወደ እመቤት ሄግዮንግ ልመለስ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ንጉሡ ለልዑሉ ማዕረጋቸውን መልሰው ሳዶ የሚል ስም ሰጧቸው፤ እመቤቲቱም ወደ ቤተ መንግሥት ተመለሱ። አማታቸውን ሲያገኙ የወቀሳ ቃል አልተናገሩም፤ ይልቁንም ልጁ በአያቱ ዓይን ሥር ይደግ ብለው ንጉሡ ወደሚኖሩበት ወደ ግዮንግሂ ቤተ መንግሥት ሰደዱት። ንጉሡ በዚህ ተደስተው ለመኖሪያቸው የሚሰቀል ጽሑፍ በእጃቸው ጻፉላቸው። በ1764 ግን ያው ንጉሥ ልጁ በ1728 የሞተው የንጉሡ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የልዑል ህዮጃንግ ልጅ ተብሎ እንዲመዘገብ አዘዙ። ለዙፋኑ ይበጃል ተብሎ ነው፤ ለእናቲቱ ግን የወለዱት ልጅ በሕግ የሌላ ሰው ልጅ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ንጉሡ በ1759 ያገቧት ወጣት ንግሥት ጆንግሱን ከእመቤቲቱ በአሥር ዓመት ታንስ ነበር፤ በሥርዓቱ ግን አማት ናትና እጅ የሚነሡት እመቤቲቱ ናቸው።

በ1776 ዮንግጆ ሲሞቱ ዪ ሳን ጆንግጆ ተብለው ነገሡ። በነገሡበት ቀን የልዑል ሳዶ ልጅ መሆናቸውን በግልጽ ተናገሩ። እናታቸው ይህን ቀን አሥራ አራት ዓመት ጠብቀዋል፤ ግን በዚያው ዓመት የአባታቸው ወንድም ሆንግ ኢን-ሀን የአዲሱን ንጉሥ መንገድ ዘግተዋል ተብለው በንጉሡ ትእዛዝ ተገደሉ፤ አባታቸውም ተከሰው ተዋርደው በ1778 ሞቱ። ልጃቸው በመንገሡ የተደሰቱት እናትና አጎታቸው የተገደለባቸው ሴት አንድ ሰው ናቸው።

ማታ ወደ ቾንግግዬቾን ወረድኩ። በከተማዋ መሐል በሚፈሰው በዚህ ጅረት ዳር በግድግዳው ላይ ወደ 190 ሜትር የሚጠጋ የሸክላ ሰድር ሥዕል አለ፤ በ1795 ንጉሥ ጆንግጆ እናታቸውን ይዘው ወደ ሱዎን ያደረጉትን ጉዞ የሚያሳየው የቤተ መንግሥት ሥዕል ቅጂ ነው። በዋናው ሥዕል 1,779 ሰዎችና 779 ፈረሶች ተሥለዋል፤ ባንዲራ ያዦች፣ ከበሮ መቺዎች፣ ፊታቸውን በመጋረጃ የሸፈኑ የቤተ መንግሥት ሴቶች በፈረስ ላይ። የእመቤቲቱ ዝግ መቀመጫ ከፊትና ከኋላ በፈረሶች ተሸክሞ ይታያል። ከእሱ ኋላ የንጉሡ ፈረስ ይከተላል፤ በኮርቻው ላይ ግን ሰው የለም፤ የንጉሥን አካል በእንዲህ ያለ ሥዕል ማሳየት አይፈቀድም ነበርና። ሰው ሁሉ ምሽቱን በጅረቱ ዳር እየተንሸራሸረ ያልፋል፤ እኔ ሥዕሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማየት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

ዓርብ፤ ከኖርያንግጂን ወደ ሱዎን

የዚያን አጀብ መንገድ ለመከተል ወስኜ በጠዋት ወደ ኖርያንግጂን ሄድኩ። ዛሬ ኖርያንግጂን ሲባል ለሴኡል ሰው በመጀመሪያ የሚታወሰው የዓሣ ገበያው ነው፤ ትንሽ ወረድ ብሎ ግን ንጉሡ ከወንዙ ተሻግረው ምሳ የበሉበት ማረፊያ አሁንም ከጉብታው ላይ ቆሟል። በሃን ወንዝ ላይ ያን ጊዜ ድልድይ አልነበረም፤ 36 ትልልቅ ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረው በላያቸው ሳንቃ ተነጥፎ ነው አጀቡ የተሻገረው። ከጉብታው ሆኖ ወንዙን ሲያዩት ስፋቱ ያስፈራል።

ጉዞው ስምንት ቀን የፈጀ ሲሆን ምክንያቱ የእመቤቲቱ ስድሳኛ ዓመት ነበር። ሟቹ ባላቸውም በዚያው ዓመት ስለተወለዱ ዓመቱ የሁለቱም ነው። ንጉሡ በየመንገዱ ከፈረሳቸው እየወረዱ የእናታቸውን ደኅንነት ይጠይቁ፣ በእጃቸውም አጥሚት ያቀርቡላቸው ነበር። በሁለተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። እኔ የሄድኩት በምድር ባቡር ነው፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ባነሰ ጊዜ ሱዎን ደረስኩ፤ ስለዚህ በጉዞዬ ድካም የምመካበት ነገር የለኝም።

የሱዎን ምሽግ፣ ኋሶንግ፣ ከ1794 እስከ 1796 ተገንብቶ ያለቀ፣ ርዝመቱ 5.7 ኪሎ ሜትር የሆነ ቅጥር ነው። ጆንግጆ በ1789 የአባታቸውን መቃብር ወደዚህ አካባቢ ሲያዛውሩ የነበረውን የአውራጃ ከተማ አንሥተው በዚህ አዲስ ከተማ መሠረቱ። ለሥራው ድንጋይ ማንሻ መሣሪያ የነደፈው ሊቁ ጆንግ ያክ-ዮንግ ነበር፤ ለሠራተኞቹ ደመወዝ ተከፍሏል፤ የግንባታው መዝገብም የአናጺዎቹንና የድንጋይ ጠራቢዎቹን ስም ሳይቀር ይዟል። በኮሪያ ጦርነት የፈረሰው የቅጥሩ ክፍል በ1970ዎቹ የተጠገነው በዚያ መዝገብ መሠረት ነው። በቅጥሩ ላይ በእግር ዞሬ ከምዕራቡ የጦር አዛዥ ሰገነት ከተማውን ቁልቁል አየሁ፤ ንጉሡ በዚያ ጉዞ የሌሊት ወታደራዊ ልምምድ የመሩት ከዚህ ነው።

ለእኔ ግን የቀኑ ዋና ነገር በቅጥሩ ውስጥ ያለው የንጉሡ ማረፊያ ግቢ ነው። በጃፓን ዘመን አብዛኛው ፈርሶ በቦታው ሆስፒታል ቆሞበት የነበረ ሲሆን፣ እንደገና ተሠርቶ ከ2003 ጀምሮ ለሕዝብ ተከፍቷል። በመሐሉ ያለው ቦንግሱዳንግ የእመቤቲቱ ግብር የተደረገበት አዳራሽ ነው፤ ውስጡ በአሻንጉሊት ምስሎች ያንን ቀን ለማሳየት ተዘጋጅቷል። በእመቤቲቱ ፊት 70 ዓይነት ምግብ ቀርቦ ነበር፤ በጣፋጩና በፍራፍሬው ክምር ላይ የወረቀት አበባ ተሰክቷል፤ ዘፈንና እስክስታ መሰል የቤተ መንግሥት ውዝዋዜ በየተራ ቀረበ። በማግስቱ በግቢው ዋና በር ላይ ለድሆች ሩዝ ታደለ፤ የአካባቢው አዛውንትም ተጋበዙ። በሕዝብ ፊት ይህን ያህል መከበር፣ በባላቸው ሞት ጊዜ በአንድ ቀን ማዕረጋቸውን ተገፍፈው ለወጡ ሴት ምን እንደሆነ መገመት ይቻላል። እኔ ግን ከግብሩ ይልቅ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የሆነውን ማየት ፈለግሁ።

ቅዳሜ፤ ዩንግነንግ

ከሱዎን ወደ ደቡብ ጥቂት ጣቢያ ሄጄ ብዮንግጆም ወረድኩ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ መቃብሩ። የጆሶን ነገሥታት መቃብሮች በ2009 በአንድነት በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት መካከል ይህ አንዱ ነው። በመግቢያው ላይ ሁለት መንገድ አለ፤ በቀኝ ልዑል ሳዶና እመቤት ሄግዮንግ የተቀበሩበት ዩንግነንግ፣ በግራ ደግሞ ልጃቸው ጆንግጆና ንግሥቲቱ የተቀበሩበት ጎንነንግ። በሁለቱ መካከል ያለው ጫካ ጥድና ባሉጥ የበዛበት ሲሆን ቅጠሉ ቢጫና ቡናማ ሆኗል፤ የሱዎን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው በብዛት ይንሸራሸሩበታል።

መቃብሩ በሣር የተሸፈነ ክብ ጉብታ ነው፤ ከሥሩ ባለው የአበባ ቅርጽ በተጠረበ ድንጋይ የተከበበ። ወደ ጉብታው መውጣት ስለማይፈቀድ ሰው ከታች ካለው የመሥዋዕት ቤት ጎን ቆሞ ያያል። በሌሎች ነገሥታት መቃብር የመሥዋዕቱ ቤት በጉብታው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ሲቆም እዚህ ግን ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ ተሠርቷል፤ የመቃብሩ ፊት እንዳይጋረድ ነው ይባላል። በሣጥን ውስጥ ለሞቱ ሰው የተደረገ እንደሆነ ሲነገር ሰምቼ፣ እውነት ይሁን አይሁን ሳላረጋግጥ፣ ልቤ ተቀበለው።

እመቤቲቱ ይህን መቃብር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚያ የ1795 ጉዞ፣ ባላቸው ከሞቱ ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፤ ንጉሡ ጤናቸውን ፈርተው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ። በማግስቱ ያ ሁሉ ግብር የተደረገው ከዚህ ልቅሶ በኋላ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሐዘኑንም ድግሱንም በአንድ ላይ ማዋላቸው የጆንግጆን ብልኃት ያሳያል፤ አባታቸውን በአዋጅ ንጉሥ ማድረግ ስለማይችሉ፣ አያታቸው ያንን ከልክለዋልና፣ በመቃብርና በከተማ አደረጉት። ልዑል ሳዶ የንጉሠ ነገሥት፣ እመቤት ሄግዮንግ ደግሞ የእቴጌ ማዕረግ ያገኙት በ1899፣ ሁለቱም ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በመመለሻዬ ጆንግጆ ለአባታቸው ብለው በ1790 ያሠሩትን የዮንግጁሳ ገዳም በሩጫ አየሁት። ስለ ወላጅ ውለታ የሚናገረው የቡድሃ ጽሑፍ የተቀረጸበት ሐውልት በግቢው ቆሟል፤ ሰው ሁሉ ከፊቱ ፎቶግራፍ ይነሣል።

እሑድ፤ ከጃግዮንግጆን ጉብታ

ለመጨረሻው ቀን ወደ ቻንግግዮንግ የተመለስኩት ረቡዕ ዕለት አልፌው የሄድኩት አንድ ቦታ ስለነበረ ነው። ከግዮንግቹንጆን ኋላ፣ ከፍ ባለው መሬት ላይ፣ ዛሬ ሣርና ጥድ ብቻ አለ። ጆንግጆ በነገሡ በሁለተኛው ዓመት ለእናታቸው ጃግዮንግጆንን የሠሩት እዚህ ነው፤ ቦታው የተመረጠው ከቅጥሩ ማዶ ያለው የልዑል ሳዶ መታሰቢያ ቤት፣ ግዮንግሞ፣ ከዚህ ስለሚታይ ነው። ጃግዮንግጆን ጠፍቶ ጃፓኖች በ1911 በቦታው ቤተ መዘክር ሠሩበት፤ ያም በ1992 ፈረሰ። የግዮንግሞም ጥቂት መሠረትና በር ብቻ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቀርቷል። ዛሬ ከጉብታው ሆኖ በዛፎቹ መካከል የሚታየው የሆስፒታሉ ሕንፃ ነው።

እመቤቲቱ ስለ ሕይወታቸው አራት ጊዜ ጽፈዋል። የመጀመሪያውን በ1795፣ ከሱዎን በተመለሱበት ዓመት፣ የወንድማቸው ልጅ ከእጃቸው የሆነ ጽሑፍ ለቤተሰቡ ይቅር ብሎ ስለጠየቃቸው ጻፉት። እስከዚያ ድረስ ወደ ቤታቸው የላኩት ደብዳቤ አልቀረም፤ አባታቸው የቤተ መንግሥት ጽሑፍ በውጭ መቅረት የለበትም ብለው ስላስጠነቀቁ ወረቀቱ እየታጠበ ቀለሙ ይጠፋ ነበር። ያ ጽሑፍ የረጋ ነው፤ ስለ ባላቸው ሞት ሲደርሱ ይዘሉታል። በ1800 ጆንግጆ ሞቱ። የአሥር ዓመቱ ልጃቸው ሱንጆ ሲነግሡ ሥልጣኑ በዚያች ከእመቤቲቱ በአሥር ዓመት በምታንሰው በንግሥት ጆንግሱን እጅ ወደቀ። በ1801 የእመቤቲቱ ወንድም ሆንግ ናክ-ኢም ከካቶሊክ ሃይማኖት ጋር ተያይዞ በቀረበበት ክስ ተገደለ። እመቤቲቱ በ1801፣ በ1802 እና በ1805 የጻፏቸው ሦስት ጽሑፎች ከዚህ በኋላ የመጡ ሲሆን ለልጅ ልጃቸው ለንጉሥ ሱንጆ የተጻፉ ናቸው። አባቴ፣ አጎቴና ወንድሜ ንጹሓን ነበሩ የሚል አቤቱታ ናቸው። ልጃቸው ጆንግጆ በ1804 ዙፋኑን ለሱንጆ ትተው የእናታቸውን ቤት ክብር ሊመልሱ ቃል ገብተውላቸው እንደ ነበርም ይጽፋሉ። የሣጥኑን ነገር በሙሉ የገለጡት በመጨረሻው ጽሑፍ፣ በሰባ ዓመታቸው ነው።

ለመኳንንቱ ወንዶች መጻፊያ የነበረው የቻይና ፊደል ነው፤ እመቤቲቱ የጻፉት ግን ሴቶችና ተራ ሰዎች በሚጠቀሙበት በኮሪያ ፊደል ነው፤ ለዚህም ነው ድምፃቸው ዛሬ ሳይቀር እንደ ንግግር የሚሰማው። እንግዲህ አንባቢ ሊጠነቀቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጠላቶቻቸው ሣጥኑን ለንጉሡ ያቀረበው አባታቸው ሆንግ ቦንግ-ሀን ነው ብለው ከሰዋል፤ እመቤቲቱ አባታቸው ከቦታው የደረሱት ነገሩ ከተጀመረ በኋላ ነው ብለው ይሟገታሉ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ልዑሉ የወደቁት በበሽታ ሳይሆን በመኳንንት ወገኖች ሽኩቻ ነው፣ የእመቤቲቱም ጽሑፍ የአባታቸውን ወገን ለማዳን ተብሎ የተሰናዳ ነው ይላሉ። ሌሎች የልዑሉ በሽታ ከሌሎች የዘመኑ ጽሑፎችም ስለሚታይ ይህን አይቀበሉም።

እኔ በጉብታው ላይ ተቀምጬ ያነበብኩትን ሳነጻጽር የደረስኩበት ይህ ነው። ስለ ልዑሉ በሽታ የጻፉትን አምናለሁ፤ አንዲት ሚስት ባሏ በገዛ እጁ ዓይኗን ሊያጠፋ እንደ ደረሰ ጽፋ፣ ወዲያው ደግሞ በልጅነቱ የነበረውን ደግነት ስታነሣ፣ ለክርክር ብቻ የምታደርገው አይደለም። ስለ አባታቸው የጻፉት ግን የጠበቃ ጽሑፍ ነው፤ በደንብ የተሟገተ፣ ግን በአንድ ወገን ብቻ የቆመ። በስምንት ዓመታቸው ከአባታቸው ቤት የወጡት ሴት እስከ ሰባ ዓመታቸው ድረስ ብዕር አንሥተው የተከራከሩት ለዚያ ቤት ነው፤ ባል፣ ልጅና የልጅ ልጅ የሰጣቸው የንጉሥ ቤት ግን ዳኛው ሆነ።